የሳሞአ ሕዝብ እምነት የውሰት ልብስ አይደለም

ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሲነሣ በመኝታ ክፍሎቻችንም ሆነ በሻይ ሰዓት ሁለት ዓይነት ወሬ ነው የሚሰማው። አንደኛው ወሬ ነጭ አሸዋ፣ ኮኮናት፣ አበባ በጆሮዋ የሰካች ልጅ፣ ሰው ሳይሠራ የሚበላበት አገር የሚል ነው፤ ይኼን ለሲኒማና ለቱሪስት ወረቀት እንተወው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። «እነዚያ ሕዝቦች እኮ የራሳቸው የሚሉት ነገር አልቀራቸውም፤ ነጭ ሚሲዮናዊ መጥቶ ባህላቸውን አስጥሎ ሃይማኖቱን ጫነባቸው፤ እሑድ እሑድ ነጭ ለብሰው የሚዘምሩት የሰው ዜማ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አንብበው የሚከራከሩ ጓደኞቻችን ስለሆኑ ዝም ብለን ልናልፋቸው አልፈለግንም። በእኛ አስተያየት ነገሩ እንዲህ አይደለም። አንድ ሕዝብ ከውጭ የመጣለትን ነገር ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ሰፍቶ ከለበሰው የራሱ ነው። ልብሱ አንዳንድ ቦታ ላይ ቢጠብበው ደግሞ የጠበበውን ማስፋት የራሱ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ለዚህ ማስረጃ አንድ አገር ብቻ እንውሰድ፤ ሳሞአን።

በቅድሚያ አገሩን እንወቀው። ሳሞአ በደቡብ ፓስፊክ፣ ከሐዋይና ከኒውዚላንድ መካከል ግድም የምትገኝ የደሴቶች አገር ነች። ኡፖሉና ሳቫይኢ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶችና ጥቂት ትንንሾች አሏት፤ ስፋቷ በጠቅላላው 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሕዝቧም 200,000 ያህል ነው። ዋና ከተማዋ አፒያ ኡፖሉ ላይ ነች። ከ1900 እስከ 1914 ጀርመን፣ ከዚያም ኒውዚላንድ ገዝተዋት ጥር 1 ቀን 1962 ነፃነቷን አገኘች። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በምሥራቅ በኩል አሜሪካን ሳሞአ የምትባል አለች፤ እሷ በአሜሪካ ሥር ያለች ሌላ ናትና እንዳናምታታ። በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ የሚኖረው ሳሞአዊ እጅግ ብዙ ነው፤ ይኼን ወደ በኋላ ስለ ገንዘብ ስናወራ እንፈልገዋለን።

ሰው የሚኖረው በአብዛኛው በባሕር ዳር በተሰለፉ መንደሮች ነው። ሰፊው ቤተሰብ አይንጋ ይባላል። እያንዳንዱ አይንጋ ተስማምቶ የሚሾመው ማታይ የሚባል አለቃ አለው፤ ማታዮቹ አንድ ላይ ሲቀመጡ ፎኖ የሚባለው የመንደሩ ሸንጎ ይሆናሉ። ከመሬቱ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል የቤተሰብ የወል መሬት ስለሆነ አይሸጥም። ቤታቸውን ፋሌ ይሉታል፤ የጥንቱ ፋሌ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ግድግዳ የለውም! ዝናብ ሲመጣ ከኮኮናት ቅጠል የተሠራ መጋረጃ ይወርዳል። አሁን የብሎኬት ቤት በርክቷል፤ ቢሆንም ግድግዳ የሌለው ፋሌ አልጠፋም። ጎረቤት የጎረቤቱን እራት ያያል፤ ጸሎቱንም ይሰማል። ይህ ነገር ለእምነታቸው ጠባይ ትልቅ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን፤ ተደብቆ የሚጸለይበት ጓዳ በሌለበት አገር እምነት የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ማን አመጣው? በ1830 የለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር ሰው የነበረው ጆን ዊሊያምስ «የሰላም መልእክተኛ» በምትባል መርከብ ሳቫይኢ ላይ፣ ሳፓፓሊኢ ከሚባል መንደር ደረሰ። ነጭ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ዳሩ ግን ዊሊያምስ ብዙም ሳይቆይ መርከቡን አስነሥቶ ሄደ። ለማስተማር የቀሩት ማን ነበሩ? ከታሂቲ አካባቢና ከኩክ ደሴቶች የመጡ ስምንት የደሴት ሰዎች ናቸው። ቀለማቸው የሳሞአ ሰው ቀለም፣ ምግባቸው ያው ጎደሬና ዓሣ፣ ቋንቋቸውም የሳሞአኛ ዘመድ ነበር። ነጮቹ ለመቀመጥ የመጡት በ1835 እና በ1836 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሳሞአን ያስተማሩት ጎረቤቶቿ ናቸው ማለት ነው። ይኼ የታሪክ መጽሐፍ ጥግ ላይ የሚጣል ነገር አይደለም።

ሌላም ሰው አለ። ፋውኤአ የሚባል ሳሞአዊ ቶንጋ ላይ ይኖር ነበርና ዊሊያምስ በዚያ ሲያልፍ ከሚስቱ ጋር መርከቡ ላይ ተሳፈረ። ይህ ሰው ባሕሩን ሲያቋርጡ ለመምህራኑ የሰጣቸው ምክር ተመዝግቦ ቆይቷል፤ አገሬ ስትደርሱ ጭፈራቸውን፣ የታንኳ እሽቅድምድማቸውን፣ ጨዋታቸውን በማውገዝ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ አስተምሯቸው የሚል ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ይህን ነገር አስቡት! እኛ በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት የምንቀመጥበትን ትምህርት ፋውኤአ መርከብ ላይ ቆሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል። ነገ ተነገ ወዲያ ገጠር ተመድበን ስንሄድ የመጀመሪያው ሥራችን የመንደሩን ልማድ መንቀፍ ከሆነ የሚሰማን እንደማይኖር ይህ ሰው ያኔ ያውቀው ነበር።

የተቀበላቸው ታላቁ አለቃ ማሊዬቶአ ቫይኢኑፖ ነው። የተቀበለውም ደንግጦ ወይም ተታሎ አይደለም፤ ጦርነት ላይ የነበረ፣ ጥቅሙን የሚያውቅ ሰው ነበር። በሳሞአ ትውፊት ናፋኑአ የምትባለው የጥንት የጦር አምላክ ለማሊዬቶአ ወገን የመንግሥታቸውን ራስ ከሰማይ እንዲጠብቁ ተናግራ ነበር ይባላል። እንግዲህ አዲሱ ሃይማኖት ሲመጣ ሳሞአዎች «የተነገረን ይኼ ነው» ብለው በራሳቸው ታሪክ ውስጥ ቦታ ሰጡት። አሮጌው ታሪክ ለአዲሱ በር ከፈተለት እንጂ አልተቃጠለም።

ይህ ብቻ አይደለም። በ1844 ማሉአ ላይ የመጋቢዎች ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1855 በሳሞአኛ ተተርጉሞ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሳሞአዎች ራሳቸው አስተማሪ ሆነው ባሕር ማዶ ሄዱ። ከ1865 ጀምሮ የሳሞአ መጋቢዎች ቱቫሉ ገቡ፤ በዚያ አገር ሳሞአኛ ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሆኖ ቆየ። ኒው ጊኒም ሄደዋል፤ በወባ ያለቁት ጥቂት አይደሉም። ተጭኖበት የተቀበለ ሰው ሸክሙን ትከሻው ላይ አድርጎ ለጎረቤት ለማድረስ ባሕር አያቋርጥም።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን ከሁሉም በላይ የሚጣፍጠን ግን የመጋቢው ትምህርት ቤት ነገር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይስፋፋ፣ የመንደሩ መጋቢና ሚስቱ ልጆችን ሰብስበው በሳሞአኛ ማንበብና መጻፍ ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በብዙ መንደር ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ወደዚያ ይሄዳሉ። የሚማሩበት የፊደል ገበታ ፒ ታውታው ይባላል፤ «የሚሰቀል ፊደል» እንደ ማለት ነው። በየፊደሉ ሥዕል አለ። በኤል ሎንጎ፣ ደወል፤ በኤም ሞአ፣ ዶሮ፤ በቪ ቫአ፣ ጀልባ። በኢ ደግሞ ኤለፋኔ ይላል፤ ዝሆን! ዝሆን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የደሴት ልጅ ፊደሉን በዝሆን ይቆጥራል። የሳሞአኛ ፊደል 14 ብቻ ነው፤ ለባዕድ ቃላት ሦስት ይጨመሩበታል፤ ከሦስቱ አንዱ ኬ ነው፤ ሥዕሉም ገና በዓል፣ ኪሪሲማሲ ነው። እኛ 231 ቆጥረን ያደግን ሰዎች በ14 ፊደል መገላገል ያስቀናናል፤ ይኼ እንኳ ጨዋታ ነው። ቁም ነገሩ ግን ልጁ መጀመሪያ ያነበበው በእናቱ ቋንቋ መሆኑ ነው። መንደሩም መምህሩን ያበላ የነበረው ከጎደሬውና ከዓሣው ላይ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፍን ሁላችን ይህን ሳይነገረን እናውቀዋለን፤ ፊደልና ጸሎት በአንድ ጥላ ሥር፣ መምህሩም የመንደሩ እንግዳና ባለዕዳ ሆኖ።

መጋቢውን ፋይፌአው ይሉታል። የመንደሩ ሰው ተነጋግሮ ይጠራዋል፣ ቃል ኪዳን ይገባለታል፣ ቤት ይሰጠዋል፣ ምግቡን ይሸከምለታል። በአክብሮት ሲጠሩት ፌአንጋይንጋ ይሉታል፤ ቃል ኪዳን ማለት ነው። ይህ ቃል ሚሲዮናዊ ከመምጣቱ በፊት የወንድምና የእኅትን የከበረ ዝምድና የሚጠራ ነበር፤ ወንድም እኅቱን እንዲያከብርና እንዲጠብቅ ግዴታ ነበረበት። መንደሩ ይህን የእኅት ክብር አንሥቶ ለመጋቢው ሰጠው። መጋቢው ግን በፎኖ ተቀምጦ በመሬትና በሹመት ክርክር አይገባም። ከዚህ በላይ «ራሱ ሰፍቶ የለበሰው» የሚባል ነገር ምን ሊመጣ ነው?

የዕለቱን ኑሮ ብናይ ደግሞ ምሽት ላይ ሳ የሚባል ሥርዓት በብዙ መንደሮች አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የባሕር ዛጎል ይነፋል ወይም ደወል ይደወላል፤ ደወሉ ብዙ ጊዜ የተሰቀለ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው። (በቸርኬ ደወል ተምሮ ያደገ ሰው በዚህ አይስቅም።) አውማንጋ የሚባሉት ማዕረግ ያልያዙ ወንዶች ላቫላቫቸውን አገልድመው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ መንገደኛ ይቆማል፣ ልጅ ከጨዋታ ይመለሳል፣ ሁሉም በየፋሌው ተቀምጦ ይዘምራል፣ ያነባል፣ ይጸልያል። አሥር ደቂቃም ሩብ ሰዓትም ሊሆን ይችላል። እንደገና ሲደወል ያበቃል። ሥርዓቱን የጣሰ ቤተሰብ በፎኖ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ገንዘብ ወይም ምግብ ሊሆን ይችላል። እንዴ፣ ጸሎት በቅጣት ይሆናል? የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ቅጣቱን አንወደውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እርሻ፣ ዓሣ፣ ሱቅና ቢሮ የበተነውን ቤተሰብ በየማታው በአንድ ሰዓት የሚሰበስብ ነገር ስንት አገር አለው? እኛ ያለነው ለእራት እንኳ በየፊናው የሚበላበት ዘመን ላይ ነው።

እሑድ ሌላ ነው። ወንዶች ልጆች ገና ሳይነጋ ተነሥተው ኡሙውን ያነዳሉ፤ ኡሙ መሬት ላይ ድንጋይ አግለው ምግቡን በላዩ ደርድረው በቅጠል የሚያፍኑበት ምድጃ ነው። ጎደሬ፣ ዳቦ ፍሬ የሚባለው የዛፍ ፍሬ፣ ዓሣ፣ ሲገኝም የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። ለጋ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት ታጥፎ የሚበስለውን ፓሉሳሚ ይሉታል። እሑድ ጠዋት መንደሩ በሙሉ በጢስ ይሸፈናል፤ ከዚያ ጢስ ውስጥ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሴቶቹ ባርኔጣ ደፍተው ይወጣሉ። ከቅዳሴ መልስ ቶኦናኢ የሚባለው ትልቅ ምሳ አለ፤ ከዚያ እንቅልፍ ነው። በብዙ መንደር በዚያ ቀን መሥራትም ባሕር ገብቶ መዋኘትም ነውር ነው። ኮንግሬጌሽናሉም፣ ካቶሊኩም፣ ሜቶዲስቱም፣ ሌላውም በየፊናው ይሄዳል፤ ጢሱ ግን የሁሉም አንድ ነው።

ይህን ስንል ግን ልብሱ የትም አይጠብም ማለታችን አይደለም። የሚጠብበት ቦታ ገንዘቡ ላይ ነው። ለመጋቢው የሚሰጠው አሎፋ ይባላል፤ ፍቅር ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ግንባታም፣ ለጉባኤም፣ ለሌላም ይዋጣል። በብዙ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ማን ምን ያህል እንደ ሰጠ በስም ተጠርቶ ለሕዝብ ይነበባል። ግድግዳ በሌለው ቤት ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሰጠው መጠን የአይንጋው ክብር ይሆናል። ገንዘቡ ያልበቃው ሰው ወደ ኦክላንድ ወይም ወደ ሲድኒ ስልክ ይደውላል፤ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት የሚሠራው ወንድም ይልካል። የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ከአሎፋው በኋላ የሚታሰብባቸው ቤቶች እንዳሉ ሳሞአዎች ራሳቸው ይናገራሉ። በ2017 ፓርላማው የመጋቢዎች ገቢ ግብር እንዲከፈልበት የሚያደርግ ሕግ ሲያወጣ ትልቋ ኮንግሬጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ስጦታ እንጂ ደመወዝ አይደለም ብላ ተቃወመች፤ ፍርድ ቤት የቆሙ መጋቢዎችም ነበሩ። የግብሩን ክርክር ለሕግ አዋቂዎች እንተወው። እኛን የሚቆረቁረን ንባቡ ነው። ፍቅር የሚል ስም የተሰጠው ነገር በዝርዝር ሲነበብ የድኻዋ እናት ፊት ምን እንደሚመስል ማሰብ ከባድ አይደለም። የስም ንባቡ ይቅር ብለው የሚከራከሩ ሳሞአዎች አሉ፤ የእኛም ድምፅ ከነሱ ጋር ነው። ንባቡን የሚያስቀረው ግን የውጭ ሰው ስድብ ሳይሆን ያው ፎኖና ያው ጉባኤ ነው።

በዚያው በ2017 ሳሞአ የክርስቲያን አገር መሆኗ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ውስጥ ተጻፈ። በየማታው በጋዝ ሲሊንደር የሚደወል እምነት አንቀጽ የሚያስፈልገው አልመሰለንም፤ ይኼ የእኛ አስተያየት ነው።

ከሁሉ የከፋው ፈተና የመጣው በ2019 ነው። በ2018 ሁለት ሕፃናት ክትባት ከተሰጣቸው በኋላ ሞቱ፤ ምክንያቱ ክትባቱ ሳይሆን ሲበጠበጥ በስሕተት ሌላ መድኃኒት የተቀላቀለበት መሆኑ ነበር። ክትባቱ ለወራት ቆመ፤ እናቶችም ፈሩ፤ የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር እጅግ አሽቆለቆለ። በሚቀጥለው ዓመት ኩፍኝ ገባ። 83 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆች ሰው ወደሚሰበሰብበት ቦታ እንዳይመጡ ተከለከለ፤ ቤተ ክርስቲያኖች ሕፃናት አጡ። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ መንግሥት ለሁለት ቀን አገሩን ዘግቶ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ደጁ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል አዘዘ፤ ክትባት ሰጪዎችም ቀይ እያዩ ቤት ለቤት ዞሩ። በዚያ ዘመቻ የተከተበው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ደረሰ። በአንድ ደወል ቁጭ ማለትን በየማታው የተለማመደ መንደር በዚያን ዕለት የቆመው በዚሁ ልማድ ነው ብለን እናስባለን። ነገር ግን ይኸው ደወል ከዓመት በፊት፣ እናቶች በፈሩበት ጊዜ፣ ለክትባቱ ተደውሎ ቢሆን ኖሮ ብለንም እናዝናለን። መጋቢው በሰንበት ስለ መርፌው ሁለት ቃል የሚናገርበት ጊዜ ያ ነበር።

ልጆችን ካነሣን ሎቱ ታማይቲን ሳንነግራችሁ አንሄድም። በጥቅምት ሁለተኛው እሑድ የልጆች ቀን ነው። ልጆቹ አዲስ ነጭ ልብስ ይለብሳሉ፤ ለሳምንታት ያጠኑትን ጥቅስ በየተራ ቆመው ይወጣሉ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ቲያትር ያሳያሉ፤ ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። የረሳ ልጅ ካለ ጉባኤው በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። በሳሞአ ቤት በአዘቦቱ ቀን ልጅ ምግብ አቅርቦ፣ ማራገቢያ ይዞ ዝንብ እያባረረ ቆሞ የሚበላው ታላላቆቹ ከበሉ በኋላ ነው። በዚያ እሑድ ግን ይገለበጣል፤ ማታዩ አያት ሳይቀር ተነሥቶ ለልጅ ሳህን ያቀርባል፤ ልጁ ቀድሞ ይበላል፣ የተሻለውም ቁራጭ ለእሱ ነው። በማግሥቱ ሰኞ አገሩ በሙሉ ሥራ ይዘጋል። ማክሰኞ ልጁ ነጩን ልብስ አጣጥፎ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ማታ ሲሊንደሩ ሲደወል ከጨዋታ ሮጦ ይመለሳል፤ ጸሎቱ ሲያልቅም እንደ ወትሮው ሳህኑን ተሸክሞ ለአያቱ ያቀርባል።